ቀለሙ አልተገመተም፤ ተለክቷል

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለተሰበሰቡ የፎቶግራፍ ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ጢሙን ያሳደገ፣ ግዙፍ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጭ ጥምጥም ጠምጥሟል። ሰይፉን ይዟል። ከላይ እስከ ታች የለበሰው ሰማያዊ ሐር ነው፤ በአበባ ጥለት ያሸበረቀ። ሰማያዊው ዛሬ ጠዋት የተነከረ ይመስላል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ይሄ ኤአይ ጉድ እኮ ነው! ቀለም አቀባቡን እየው!»

«ኤአይ አይደለም፤ ፎቶው የተነሳው በ1911 ነው» ብዬ መለስኩለት። በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው።

አላመነኝም። «ያኔ የቀለም ፎቶ የት ነበረና?» አለኝ። እስከ ሌሊት ድረስ ተከራከርን። በነጋታው ቁጭ ብዬ ሳስብ ጥያቄው ተገቢ መሆኑ ገባኝ። በሞባይላችን የሚመጣው አሮጌ ፎቶ ሁሉ ቀለም ተቀብቶ በሚመጣበት ጊዜ፣ እውነተኛውን ከተቀባው በምን እንለየው? የዛሬው ንግግሬ ለእሱ የምሰጠው መልስ ነው። በቴሌግራም የሚያልቅ መልስ ስላልሆነ እናንተን ሰበሰብኩ።

ሰውዬው የቡኻራው ኤሚር ዓሊም ኻን ናቸው። ቡኻራ ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ናት፤ ያኔ በሩሲያ ዛር ጥላ ሥር የነበረች የእስላም መንግሥት ነበረች። ፎቶውን ያነሳቸው ሰርጌይ ሚኻይሎቪች ፕሮኩዲን-ጎርስኪ የሚባል ሩሲያዊ ነው። ስሙ ረዘም ስለሚል ከአሁን በኋላ ፕሮኩዲን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ፕሮኩዲን በ1863 በቭላድሚር ግዛት ተወለደ። ሙያው ኬሚስትሪ ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ። ካሜራ የያዘ ኬሚስት ነው። ሚስቱ የአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበረች፤ እሱም በአማቱ ድርጅት በኃላፊነት ሠርቷል። በሴንት ፒተርስበርግ የራሱን ፎቶ ቤት ከፍቷል። በሩሲያ የቴክኒክ ማኅበር ውስጥ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ለፎቶግራፍ አማተሮች የሚታተም መጽሔት አዘጋጅም ሆኖ ሠርቷል። ነገር ግን ቀልቡን የገዛው አንድ ጉዳይ ነበር፤ ቀለምን እንዳለ መያዝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። አሳቡን ያፈለቀው ፕሮኩዲን አይደለም። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የሚባለው ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት ነው። ዓይናችን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ስሜት ነው አለ፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ በሚቀርብ። እንግዲያው አንድን ነገር በቀይ መስታወት፣ በአረንጓዴ መስታወትና በሰማያዊ መስታወት በኩል ሦስት ጊዜ ብናነሳው፣ ሦስቱን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ደግሞ በዚያው በየቀለማቸው መስታወት አድርገን ግድግዳ ላይ ብናደራርባቸው፣ ቀለሙ ተመልሶ መምጣት አለበት። በ1861 ለንደን ውስጥ ይህንን በሕዝብ ፊት አሳየ። ፎቶ የተነሳው ባለ ብዙ ቀለም የስኮትላንድ ሪባን ነበር።

ሙከራው ተሳካ። ግን ሊሳካ አይገባውም ነበር። ለምን?

ከመካከላችሁ አገር ቤት ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ የገባ አለ? እኔ ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ከነበረው ፎቶ ቤት ውስጥ እየተሽሎከለኩ እገባ ነበር። ቀይ አምፖል ይበራል። ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ቀስ እያለ የሰው ፊት ብቅ ይላል። ያንን ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። ታዲያ አምፖሉ ለምን ቀይ ሆነ? ወረቀቱ ቀይ ብርሃን ስለማያይ ነው። ለወረቀቱ ቀይ ማለት ጨለማ ነው። ከፊልም በፊት ካሜራ ውስጥ ይገባ የነበረው የጥንቱ የመስታወት ሰሌዳም እንዲሁ ነበር። የብር ጨው ተቀብቶበት የሚያየው በዋናነት ሰማያዊውን ነበር። ለአረንጓዴ ደካማ ነው፤ ለቀይ ደግሞ ዕውር ማለት ይቻላል። በድሮ ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ፣ ቀይ ልብስ ደግሞ ድፍን ጥቁር የሚመስለው ለዚህ ነው።

እና የማክስዌል ሰሌዳ ቀዩን እንዴት አየው? መልሱ የተገኘው ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ነው። ሪባኑ ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ ዓይናችን የማያየውን የአልትራቫዮሌት ጨረርም ይመልስ ነበር። ሰሌዳው ቀይ መስሎ የያዘው ያንን ነው። ማክስዌል አሳቡ ልክ ነበር፤ መሣሪያው ግን ገና አልደረሰለትም።

መሣሪያውን ያደረሱት ኬሚስቶች ናቸው። በ1873 ሄርማን ፎገል የሚባል ጀርመናዊ፣ ሰሌዳው ላይ የተወሰነ የማቅለሚያ ዓይነት ጠብ ሲደረግበት ከዚህ በፊት ያላየውን ቀለም ማየት እንደሚጀምር ደረሰበት። አዶልፍ ሚተ የሚባለው ሌላው ጀርመናዊ ይህንኑ አሻሻለ፤ ሦስቱን ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳ ካሜራም ሠራ። ፕሮኩዲን በ1902 በርሊን ድረስ ሄዶ ከሚተ ዘንድ ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን ቅመም ቀመመ። ሰሌዳው ሦስቱንም ቀለም በተቀራረበ መጠን እንዲያይ አደረገው። ይሄ ሥራ በደማቁ ፎቶ ውስጥ አይታይም። ያለ እሱ ግን የኤሚሩ ሰማያዊ ሐር የለም። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይሄንን ነው።

ደግሞም ቀይ ማየት የቻለ ሰሌዳ በቀይ አምፖል ሥር አይሠራበትም። እጅ በጨለማ ውስጥ ብቻውን መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ሰሌዳው ቀጠን ያለና ረዥም መስታወት ነው። ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሰሌዳው ካሜራው ውስጥ ይንሸራተታል። አንዴ በአንዱ ማጣሪያ፣ ማለትም በአንዱ ባለ ቀለም መስታወት በኩል ይነሳል። ሸርተት ይላል። በሁለተኛው ይነሳል። እንደገና ሸርተት ይላል። በሦስተኛው ይነሳል። በመጨረሻ አንድ መስታወት ላይ ሦስት ፎቶ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሮ ይወጣል። ከላይ በሰማያዊ፣ መሐል በአረንጓዴ፣ ከታች በቀይ የተነሳው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መስታወቱ ላይ ቀለም የለም። አንዲት ጠብታ ቀለም የለችበትም። ሦስቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ያለው ልኬት ነው። የኤሚሩን ልብስ አስቡት። በሰማያዊው ማጣሪያ ተነስቶ ሲታተም ልብሱ ደመቅ ብሎ ይወጣል፤ በቀዩ ሲነሳ ጨለም ይላል። ያ ልዩነት ነው ቀለሙ። በዚያች ቀን፣ በዚያች ፀሐይ፣ ከዚያ ጨርቅ ምን ያህል ሰማያዊ፣ ምን ያህል ቀይ ብርሃን ተመለሰ የሚለው በብር ተጽፎ ቀርቷል። ፕሮኩዲን ሦስቱን ፎቶዎች ሦስት ሌንስ ባለው ፕሮጀክተር በየማጣሪያቸው አሳልፎ ነጭ ሸራ ላይ ያገናኛቸዋል። ያኔ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ይጠፋል።

ለአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው። ቀለሙን የቀባው ሰው የለም። ተለክቷል።

ስለ ጉዞው ደግሞ ልንገራችሁ። በ1908 ፕሮኩዲን ሊዮ ቶልስቶይን ያስናያ ፖሊያና ድረስ ሄዶ አነሳው። ደራሲው 80 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ እግራቸውን አነባብረው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ፎቶው በፖስትካርድ ታትሞ አገሩን አዳረሰ። ቶልስቶይ በ1910 ዐረፉ። ያ ፎቶ ባይነሳ ኖሮ እኛ የምናውቃቸው በጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር።

በዓመቱ፣ በ1909፣ ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ፕሮኩዲንን ወደ ቤተ መንግሥት አስጠራው። ዛርስኮዬ ሴሎ በተባለው ቦታ ንጉሡና ቤተሰባቸው ፊት ፎቶዎቹን በሸራ ላይ አሳየ። ኒኮላስ ወደዱት። ከዚያ የፕሮኩዲን ሕልም ዕውን መሆን ጀመረ። ሕልሙ መላውን ግዛት በቀለም ማንሳት፣ ፎቶዎቹን ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ማሳየት ነበር። አንድ የሩሲያ ልጅ የአገሩን ስፋትና የሕዝቧን ብዛት በዓይኑ አይቶ እንዲያድግ ፈለገ። በ10 ዓመት 10,000 ፎቶ ብሎ አቀደ።

ንጉሡ ጨለማ ክፍል የተገጠመለት የባቡር ፉርጎ ሰጡት። ለወንዙ ጀልባ ሰጡት። ለኡራል ተራሮች ፎርድ መኪና ተመደበለት። ከሁሉ በላይ የጠቀሙት ግን ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው ክልክል የሆነው ቦታ ሁሉ እንዲገባ የሚፈቅድ። ሁለተኛው የየአካባቢው ሹም እንዲተባበረው የሚያዝ። መጓጓዣውን መንግሥት ቻለለት። የሰሌዳውን፣ የኬሚካሉን፣ የሥራውን ወጪ ግን ከኪሱ ነው ያወጣው።

ከዚያማ ዞረ። በማሪንስኪ የቦይ መስመር፣ በኡራል፣ በቮልጋ፣ በካውካሰስ፣ በሳማርካንድና በቡኻራ፣ በመጨረሻም በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሙርማንስክ በሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ። አብያተ ክርስቲያናትን አነሳ። መስጊዶችን አነሳ። የብረት ማቅለጫ፣ ድልድይ፣ የጥጥ ማሳ አነሳ። በባቱሚ አጠገብ ቻክቫ በሚባል ቦታ ሻይ የሚለቅሙ የግሪክ ሴቶችን፣ የሻይ እርሻውን የሚመራውን ቻይናዊ ባለሙያ አነሳ። ሳማርካንድ ውስጥ ሐብሐብና ድባ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ከመምህራቸው ጋር የተሰበሰቡ አይሁድ ተማሪዎች አነሳ። ግዛቲቱ ምን ያህል ሕዝብ በአንድ ዘውድ ሥር እንደያዘች የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ከሁሉ ደጋግሜ የማየው ግን ትንሿን ነው። በ1909 ከኪሪሎቭ ከተማ አቅራቢያ፣ በሼክስና ወንዝ ዳር ሦስት የገጠር ልጃገረዶች ቆመዋል። ከኋላቸው የእንጨት ቤታቸው አለ። በእጃቸው በሳህን እንጆሪ መሰል ፍሬ ይዘዋል፤ ለእንግዳ ሊያቀርቡ። እንግዳ ሲመጣ የተገኘውን ይዞ መውጣት ለእኛ የሚተረጎም ነገር አይደለም፤ እናውቀዋለን። ቀሚሳቸው ፍም ይመስላል። ያንን ፎቶ በጥቁርና ነጭ አይቼው ቢሆን ኖሮ «ድሆች የገጠር ልጆች» ብዬ ባለፍኩ ነበር። ቀለሙ ግን ለብሰው፣ አምረው፣ ለእንግዳ ተዘጋጅተው እንደወጡ ይናገራል።

አሁን ዋናውን ላንሳ። ሦስቱ ፎቶዎች በአንድ ጊዜ አይነሱም ብያለሁ። በመካከላቸው ጊዜ ያልፋል። ሰሌዳው እስኪንሸራተት፣ ማጣሪያው እስኪለወጥ። ማጣሪያውም ብርሃን ስለሚቀንስ እያንዳንዱ ፎቶ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የሚነሳው ሰው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተንቀሳቀሰ ሦስቱ አይገጥሙም። ጠርዙ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይበተናል።

ነገሩን በወሬ ማወቅ አልበቃኝም። ባለፈው ክረምት ራሴ ሞከርኩት። የመድረክ መብራት ላይ የሚለጠፈውን ባለ ቀለም ላስቲክ ገዛሁ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ካሜራዬን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጌ ትሪፖድ ላይ አቆምኩት። አክስቴ ቡና እያፈሉ ነበር። ነጭ የአገር ልብስ ለብሰዋል፤ ጥለቱ ወርቃማና አረንጓዴ ነው። ዕጣኑ ይጨሳል። «እትዬ፣ ንቅንቅ እንዳይሉብኝ» አልኳቸው። በቀዩ አነሳሁ። ላስቲኩን ቀየርኩ፤ በአረንጓዴው አነሳሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ «ኧረ ልጄ፣ ቡናው ሊገነፍል ነው!» ብለው እጃቸውን ወደ ጀበናው ሰደዱ። እኔም ሰማያዊውን አነሳሁ።

ማታ ሦስቱን በኮምፒዩተር ገጣጠምኳቸው። የጥለቱ ቀለም ዝንፍ አላለም። ወርቃማው ወርቃማ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። ጀበናው ቁልጭ ብሎ ወጣ። እጃቸው ግን ሁለት ቦታ ነበር። ጭናቸው ላይ አንድ ቀለሙ የተዛባ እጅ፤ ጀበናው ጎን ደግሞ አንድ ሰማያዊ እጅ። ቀይና አረንጓዴው የያዙት ጭናቸው ላይ ያረፈውን እጅ ነው። ሰማያዊው የያዘው የሄደውን እጅ ነው። የዕጣኑ ጭስ ደግሞ ሦስት ሆነ። ቀይ ጭስ፣ አረንጓዴ ጭስ፣ ሰማያዊ ጭስ፤ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ወደ ላይ ወጣ።

ያንን ሳይ የፕሮኩዲንን ፎቶዎች እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጥርት ያለው ቦታ ነበር። አሁን ወደ ጠርዙ እሄዳለሁ። የወንዙ ውሃ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥቃቅን ሞገድ አለ። ቅጠሉ በነፋስ ተወዝውዞ በቀለም ተከርክሟል። ደመናው ሸሽቷል። ያ ጉድለት አይደለም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፎቶ መካከል ያለፉት ሰከንዶች ናቸው። በ1909 በሼክስና ወንዝ ላይ ያለፉ ሰከንዶች። ኤአይ ቀለም ሲቀባ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣለትም፤ ጊዜ አላለፈበትምና። ለአክስቴ ልጅ ሁለተኛው መልሴ ይሄ ነው። ፎቶው እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ከፈለግህ ኤሚሩን ትተህ ውሃውን እይ።

የተነቃነቀው ከደበዘዘ፣ ጥርት ብሎ የቀረን ማነው? መቆም የቻለ። ወይም ቁም የተባለ። ይሄ ነገር ዕንቅልፍ ይነሳኛል።

ቡኻራ ውስጥ የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። ዚንዳን ይባላል፤ እስር ቤት ነው። የብረት ፍርግርግ ባለበት መስኮት እስረኞች ወደ ውጭ ያያሉ። ከውጭ ጠባቂ ሳንጃ የተሰካበት ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል። የልብሳቸው ቀለም ሳይቀር ይታያል። ኤሚሩ በሰማያዊ ሐራቸው ጸጥ ብለው የተቀመጡት ንጉሥ ስለሆኑ ነው፤ መነሳቱን ፈልገውት ነው። እነዚህ ሰዎች ጸጥ ያሉት የሚሄዱበት ስለሌላቸው ነው። ካሜራው ሁለቱንም በእኩል ጥራት ያዛቸው።

ካሬሊያ ውስጥ ደግሞ በ1915 የተነሳ አለ። የኦስትሪያና ሃንጋሪ የጦር ምርኮኞች ከሚያድሩበት ቤት ደጃፍ ተሰብስበዋል። የሙርማንስክን ሐዲድ ይሠሩ ከነበሩት መካከል እንዲህ ያሉ ምርኮኞች ነበሩበት። እነሱም ቆመዋል። ቁሙ ሲባሉ ቆመዋል።

ስለዚህ በእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ የምናየው ሰላማዊ ግዛት ነው። ሁሉ ነገር ጸጥ ያለ። ሩሲያ ግን ጸጥ ያለች አልነበረችም። በ1905 አብዮት ነበር። አድማ ነበር። በ1914 ጦርነቱ መጣ። ሰልፍ፣ ግርግር፣ የሚሮጥ ሰው በሦስት ማጣሪያ አይነሳም። የንጉሡን ወረቀት በኪሱ የያዘ ሰውም ግርግሩን ላንሳ አይልም። ፕሮኩዲንን ለመውቀስ አይደለም። በጣም ነው የምወደው። ግን ፎቶዎቹን ስናይ ይሄንን አብረን መያዝ አለብን። ቀለሙ እውነት ነው። ጸጥታው ግን የመጣው ከሰሌዳውና ከፈቃድ ወረቀቱ ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ቤታችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ በእርግጥ የሚያገናኘን ነገር አለና። ፕሮኩዲን በ1909 ጉዞውን ሲጀምር ዐፄ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ። በ1895 የምኒልክ መልእክተኞች ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው ነበር። ከአድዋ በኋላ ደግሞ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞቻችንን አክመዋል። ሁለቱ አገሮች ይተዋወቁ ነበር። የምኒልክ ፎቶዎች አሉን፤ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ዛሬ ፌስቡክ ላይ በኤአይ ቀለም ተቀብተው እናያቸዋለን። ካባው ቀይ ይሆናል፤ በሌላ ቀን በሌላ ሰው ገጽ ላይ ያው ካባ ሐምራዊ ይሆናል።

ያንን የሚሠሩ ልጆች በፍቅር እንደሚሠሩት አውቃለሁ። እኔም ሳያቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ልዩነቱን እንወቅ። ያ ካባ በቀይ ማጣሪያ አልተነሳም። ማንም አልለካውም። ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈውን ማሽን ሊያነብ አይችልም፤ ሌሎች ካባዎችን አይቶ ይገምታል እንጂ። ቢያንስ ከሥሩ «ቀለሙ የተገመተ ነው» ተብሎ ይጻፍ። የካባውን ቀለም ማወቅ ከፈለግን ካባዎቹ በተቀመጡበት ቤተ መዘክርና ቤተ ክርስቲያን ሄደን ጨርቁን እንይ፤ የዘመኑን ሰው ጽሑፍ እንመርምር። ሥራ አለው፤ ግን ያ ነው መንገዱ።

ወደ ፕሮኩዲን ልመለስ፤ መጨረሻውን ሳልነግራችሁ መሄድ አልፈልግም።

በ1917 ዛሩ ከዙፋን ወረዱ። በ1918 ንጉሡና ቤተሰባቸው ተገደሉ። በዚያው ዓመት ፕሮኩዲን አገሩን ለቆ ወጣ። መጀመሪያ ኖርዌይ፣ ቀጥሎ እንግሊዝ፣ በመጨረሻ ፈረንሳይ። ያነሳው 3,500 ገደማ ይደርስ ነበር፤ ካቀደው 10,000 ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚያውም ከፊሉ ከአገር እንዳይወጣ ተከልክሎ ቀረ። የቀረውን መስታወት በሣጥን በሣጥን አድርጎ ይዞ ተሰደደ። ስደት የወጣን ሰዎች እናውቃለን፤ ሻንጣ ውስጥ ምን ይገባል ምን ይቀራል የሚለውን። ሰውዬው ይዞት የወጣው መስታወት ነው። ከባድ፣ ተሰባሪ፣ ባዶ ዓይን የማያነበው ጥቁርና ነጭ መስታወት።

ለሩሲያ ተማሪዎች ያሰበው አልሆነም። ፕሮኩዲን መስከረም 1944 ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ፤ ከተማዋ ከናዚዎች ነፃ ከወጣች ከአንድ ወር በኋላ። ኤሚሩስ? ዓሊም ኻን በ1920 ከቡኻራ ሸሹ፤ ኋላም አፍጋኒስታን ገቡ። እሳቸውም በ1944 ካቡል ውስጥ ዐረፉ። ያነሳውም የተነሳውም በአንድ ዓመት፣ ሁለቱም በሰው አገር።

በ1948 የፕሮኩዲን ወራሾች መስታወቶቹን እዚህ ዋሽንግተን ለሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ለላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ሸጡ። 1,902 ሰሌዳዎች። ፕሮኩዲን በየጉዞው መስመር እየለጠፈ ያዘጋጃቸው አልበሞችም አብረው መጡ። አልበሞቹ ውስጥ ያሉት ቀለም የሌላቸው ትናንሽ ፎቶዎች ናቸው። አንዳንዱ ሰሌዳ ጠፍቶ የቀረው የአልበሙ ፎቶ ብቻ ነው፤ የእነዚያ ቀለም ሄዷል፤ ማንም አይመልሰውም። የቀሩት ሰሌዳዎች ለ50 ዓመት ያህል ተቀመጡ። በ2000 ገደማ ሁሉም በኮምፒዩተር ተቀረጹ። ለአንድ ዐውደ ርዕይ 122 ያህሉ እያንዳንዳቸው በእጅ ተገጣጥመው ለሕዝብ ቀረቡ። በ2004 ደግሞ ሁሉም በፕሮግራም ተገጣጠሙ። ዛሬ ማንም ከቤቱ ሆኖ በነፃ ማውረድ ይችላል። ሦስቱን ጥቁርና ነጭ አውርዶ ራሱ መግጠም ይችላል። የኮምፒዩተር ተማሪዎች እንደ ቤት ሥራ ይሠሩታል።

እና ከዚህ አዳራሽ ሜትሮ ብንይዝ መስታወቶቹን የያዘው ተቋም ብዙም አይርቅም። እዚህ ዲሲና አካባቢው ስንት ዓመት ኖረናል? ስንቶቻችን በዚያ ሕንፃ ፊት ታክሲ እየነዳን አልፈናል? እኔ ለ11 ዓመት አልፌያለሁ፤ ሳላውቅ።

አሁን መብራቱን አጥፉልኝ። ልጆች ከፊት ኑ፣ ይታያችኋል። መጀመሪያ የማሳያችሁ ኤሚሩን አይደለም። ፒንኩስ ካርሊንስኪ ይባላሉ። በማሪንስኪ የቦይ መስመር የቼርኒጎቭ የውሃ መዝጊያ ኃላፊ ናቸው። በ1909 ሲነሱ ዕድሜያቸው 84 ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 66ቱን ዓመት በሥራ ላይ አሳልፈዋል። ሦስቱን አንድ በአንድ አመጣለሁ። ይሄ ቀዩ ነው። ጢማቸውን እዩ። አሁን አረንጓዴውን እጨምራለሁ። ትንሽ ጠብቁ፤ ሰማያዊው ሲመጣ ውሃውን እዩልኝ።